መልሱ አንድ ያልሆነ ጥያቄ፦ ዲዛይንና ችግር ፈቺነት በትምህርት ቤት

አዲስ አበባ ላይ «ዲዛይነር ነኝ» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ መጀመሪያ የሚታሰብዎ የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ወይም የቤት ፕላን ነው። ቃሉ ግን ከልብስና ከሕንጻ ይሰፋል። በትምህርቱ ዓለም ዲዛይን የሚባለው ችግሩን መለየት፣ መፍትሔውን ማሰብ፣ በእጅ ሠርቶ መሞከር፣ ያልሆነውን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው፤ ንድፍ የዚህ አንዱ እርከን እንጂ ሁሉም አይደለም። ይህን በክፍል ውስጥ ማስተማር ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከ150 ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ከእጅ ሥራ ነው። ኡኖ ሲግኔዎስ የተባለ ፊንላንዳዊ ቄስና የትምህርት ሰው በ1866 የእጅ ሥራ በአገሩ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ግዴታ እንዲሆን ሲያደርግ ሐሳቡ አናጺ ማፍራት አልነበረም። እጅና ዓይን ሲሠለጥኑ አእምሮም ይሠለጥናል ብሎ ያምን ነበር። ትምህርቱ ዛሬም ፊንላንድ ውስጥ አለ። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ስፌቱና ጥልፉ፣ እንጨቱና ብረቱ በአንድ የትምህርት ዓይነት ተጠቃለው ወንዶችም ሴቶችም እኩል ይማሩታል።

ከእጅ ሥራ ወደ ዲዛይን የተሻገረው በተለይ በጀርመኑ ባውሃውስ ነው። ይህ በ1919 ተከፍቶ በ1933 የተዘጋ ትምህርት ቤት ዕድሜው 14 ዓመት ብቻ ቢሆንም ያላስተማረው የዓለም ክፍል የለም ማለት ይቻላል። ከመምህራኑ አንዱ ዮሴፍ አልበርስ፣ ተማሪዎቹ እንደሚተርኩት፣ ክፍል ገብቶ ጋዜጣ ያድልና ከዚህ ወረቀት ወረቀቱ ራሱ የሚችለውን አውጡ ይላል። መሣሪያ ቢቀር፣ ብክነትም ባይኖር ይመርጣል። ከሰዓታት በኋላ ሲመለስ አንዱ ቤተ መንግሥት፣ ሌላው አውሮፕላን፣ ሌላው እንስሳ ሠርቶ ይጠብቀዋል። አልበርስ ግን እነዚህን ሁሉ አልፎ ጋዜጣውን እንዲሁ አጥፎ በጠርዙ ወዳቆመው ተማሪ ይሄዳል። ቤተ መንግሥት በድንጋይም ይሠራል፤ ልፍስፍሱን ወረቀት አጥፎ ማቆም ግን የወረቀቱን ጠባይ ማወቅ ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ጋዜጣ፣ መልሱ ያልታወቀ አንድ ጥያቄ፤ ለዚህ ሙያ ብዙ ዕቃ የግድ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

እንግሊዞች ነገሩን በሥርዓተ ትምህርት አሰሩት። በለንደን ሮያል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ብሩስ አርቸር በ1970ዎቹ ዲዛይን ከሳይንስና ከሰብአዊ ጥናቶች ጎን የሚቆም ሦስተኛ የዕውቀት ዘርፍ ነው ብሎ ተከራከረ። የሳይንስ ቋንቋው ቁጥርና ምልክት ከሆነ፣ የዲዛይን ቋንቋው ሞዴል መሥራት ነው ባይ ነው። በ1990 «ዲዛይንና ቴክኖሎጂ» በእንግሊዝ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገባ። ግን በ2004 ከ14 ዓመት በላይ ላሉ ተማሪዎች ግዴታነቱ ቀረ፤ ከ2010 በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ከሚመዘኑባቸው ዋና ትምህርቶች ውጭ ተደረገ። የትምህርቱን ፈተና የሚወስደው ተማሪ ቁጥር አሽቆለቆለ። የማይመዘን ትምህርት የማን ትምህርት ነው?

በሌላ በኩል አሜሪካኖቹ መንገዱን ከሥነ ልቦናና ከማስታወቂያ ሥራ ጀመሩት። አሌክስ ኦስቦርን የተባለው የማስታወቂያ ባለሙያ በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ በቡድን ተቀምጦ፣ ትችትን ለጊዜው ከልክሎ ሐሳብ የማፍለቅን ዘዴ አስፋፋ። ዘዴው ዛሬ በየሆቴሉ አዳራሽ፣ ፍሊፕ ቻርትና ባለቀለም ማርከር ባለበት ሥልጠና ሁሉ አለ። ችግሩ፣ በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት ለየብቻቸው አስበው ሐሳባቸው በኋላ የተደመረላቸው ሰዎች አብረው ከተቀመጡት እንደሚበልጡ ማሳየቱ ነው። አዳራሾቹ ይህን የሰሙ አይመስለኝም።

ለመምህር ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን በ1991 የወጣው የጃንሰንና የስሚዝ ሙከራ ይመስለኛል። ለዲዛይን ሠሪዎች የማይፈስ የቡና ኩባያ ሥሩ፣ ነገር ግን ቱቦ ወይም መምጠጫ አይኑረው አሏቸው። ለገሚሶቹ ቱቦ ያለበት፣ ጉድለቱ የሚታይ ምሳሌ አሳዩ። ምሳሌውን ያዩት፣ መከልከሉን እያወቁ፣ ቱቦውን መልሰው ሣሉት። ሳላሳያቸው እንዴት ይሠራሉ ብሎ በቅንነት ሰሌዳው ላይ ምሳሌ የሚሥል መምህር፣ ሳያውቀው ስልሳውንም ተማሪ በአንድ መንገድ ይነዳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ተማሪን ሜዳ ላይ ለቆ ፈልስፍ ማለትም መፍትሔ አይደለም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 የተከራከሩት ይህንኑ ነው፤ መነሻ ዕውቀት የሌለው ጀማሪ ያለ ምሪት ሲተው ይባክናል።

ለዚህ ክርክር እኛ ዘንድ የቆየ መልስ አለ፤ ቅኔ ቤት ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው የቅኔ ተማሪ ባዶ እጁን አይለቀቅም። ግሱ፣ እርባ ቅምሩ፣ አገባቡ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ግን በየዛፉ ሥርና በየወንዙ ዳር ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ያልተናገረውን ቅኔ ይቆጥራል። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ልኩ እየጠበቀበት እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። የቆጠረውን በጓደኞቹ ፊት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ምሥጢሩ የላላበትን፣ ቤቱ ያልሞላበትን ያቀናለታል፤ የሌላውን ቅኔ መድገም ነውር ነው። ጥብቅ ልክ፣ አዲስ ነገር የመፍጠር ግዴታ፣ በጓደኛ ፊት የሚደረግ እርማት፤ የዛሬ የዲዛይን ስቱዲዮዎች የሚመኩባቸው ሦስቱም እዚያ ነበሩ። ከመቅደሱ ውጭ ወደ ሥዕል፣ ወደ ሂሳብ ወይም ወደ እንጨት ሥራ ክፍል ሊያሻግራቸው የሞከረ መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ፈጠራ ይመዘናል ወይ ለሚለው፣ ፒሳ (PISA) የተባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና በ2022 የ15 ዓመት ተማሪዎችን የፈጠራ አስተሳሰብ መዝኖ ውጤቱን በ2024 አውጥቷል። ሲንጋፖር ከ60 ነጥብ 41 አግኝታ አንደኛ ስትሆን፣ የኦኢሲዲ (የፈተናው አዘጋጅ ድርጅት) አባል አገሮች አማካይ 33 ነበር። ሲንጋፖር በዚያው ዙር በሂሳብም አንደኛ ነበረች፤ ዕውቀትና ፈጠራ አይጣሉም።

የእኛው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዜጎችን ችግር የመፍታት ችሎታ ማጎልበትን ከዓላማዎቹ አንዱ አድርጎ አስፍሯል። ቃሉ ከዚያ ወዲህ በየመድረኩ ተደጋግሞ አልቋል፤ የ12ኛ ክፍሉ ብሔራዊ ፈተና ግን ከአራት ፊደል አንዱን መምረጥ ነው። ከትምህርት በኋላ ሽቦ ጠምዝዞ፣ ቆርኪ ጎማ አድርጎ መኪና የሚሠራ ልጅ ይህን ችሎታውን ከበር ውጭ ትቶ ይገባል።

መምህር ከሆኑ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡት። ለየተማሪው አንድ ገጽ አሮጌ ጋዜጣ ያድሉ። ያለ ሙጫና ያለ መቀስ፣ አንድ ደብተር ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ የሚሸከም ነገር ይሥሩ ይበሉ። መጀመሪያ ለየብቻቸው ይሞክሩ፤ የወደቀበትም ለምን እንደወደቀ ለክፍሉ ይናገር። ምሳሌ ግን አያሳዩዋቸው።