ማለዳ የሚያስቸግር የናፍጣ መኪና
ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል። እዚያ ያደረ ከባድ መኪና ቀን የደበቀውን ሕመም ማለዳ ያወጣዋል። ሞተሪኖው ደጋግሞ ይዞራል፣ ሞተሩ በሦስትና በአራት ሲሊንደር ተነሥቶ ይንገጫገጫል፣ ማርሚታው ዓይን የሚለበልብ ነጭ ጢስ ይለቃል። ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሁሉም ይስተካከልና ጉዞ ይቀጥላል። ችግሩ ሲብስ መኪናው ጋራዥ ይገባል፤ «ኖዝል ነው» ይባልና ናፍጣ የሚረጩት ስድስቱም ኖዝሎች ይፈታሉ። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኖዝል ሊፈታ የሚገባው ተራው ሲደርስ ነው፤ ተራው ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ነው።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። በየመንገዱ የምናየው ባለ 371 ፈረስ ጉልበት ሲኖትራክ ስድስት ሲሊንደር አለው፤ እያንዳንዱ ፒስተን የሳበውን አየር ወደ ዐሥራ ሰባተኛ እጁ ይጨምቀዋል። በመጨመቁ ብቻ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ኖዝሉ እንደ ጉም አድርጎ የሚረጨው ናፍጣ እዚያ ግለት ውስጥ በራሱ ይቀጣጠላል። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ግን ይህን ሙቀት ይመጥጠዋል። ሞተሪኖው ቀስ ብሎ ካዞረ ደግሞ የተጨመቀው አየር በፒስተን ቀለበቶቹ ጎን ያመልጣል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሰባት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ስለሆነ እሳቱ ይበልጥ ይዘገያል። ሞምባሳ ወይም ጅቡቲ ላይ የማይሰማ ድክመት ደጋ ላይ ጎልቶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። የ24 ቮልት መኪና ሲነሣ ቮልቴጁ ከ18 በታች ከወረደ፣ ወይም ሞተሩ እያቃሰተ የሚዞር ከሆነ፣ የባትሪ ራስ ማጽዳትና የቦዲ ገመድ ማጥበቅ ከማንኛውም ኖዝል ይቀድማል። መኪናን ቁልቁለት ላይ አሳድሮ በማንደርደር ማስነሣት ለዛሬ ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሽታውን ለወራት ይሸፍነዋል።

ቀጥሎ አየር ነው። ከነዳጅ ታንከሩ እስከ ፓምፑ ያለው መስመር ናፍጣ የሚሳብበት ስለሆነ፣ የላላ ክላምፕ ወይም የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከሩ ይመለስና ጠዋት መስመሩ ባዶ ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፦ ከማስነሣት በፊት የእጅ ፓምፑን እስኪጠጥር መምታት። መኪናው ከዚያ በኋላ በአንዴ ከተነሣ ኖዝሎቹን ማንም አይንካቸው። ከፊልትሮው በፊት አጭር ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ቢገባ አረፋው በዓይን ይታያል።

ጢሱም ይናገራል። የሚለበልበው ነጭ ጢስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቷል፣ ሙቀት ግን አላገኘም ወይም በደንብ አልተረጨም። ሞተሪኖው እየዞረ ምንም ጢስ ከሌለ ናፍጣው ጭራሽ አልደረሰም። ሰማያዊው ዘይት ነው፣ የኖዝል ጉዳይ አይደለም።

ሞተሩ ተነሥቶ የሚንገጫገጭ ከሆነ የቱ ሲሊንደር እንደደከመ መለየት ይቻላል፤ በዚህ ሙያ ከሁሉ የምወደው ፍተሻም ይህ ነው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ፣ በሚኒሞ እየሠራ፣ መካኒኩ ወደ አንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቧንቧ ነት ግማሽ ዙር ያላላል። ናፍጣው በነቱ ዙሪያ ይፈሳል፣ ያ ሲሊንደር ይጠፋል። የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ሲሊንደሩ ሲሠራ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው። ከዚያ የሰነፉን ኖዝል ከጎረቤቱ ጋር ማለዋወጥ ነው። ችግሩ ከኖዝሉ ጋር ከሄደ ጥፋተኛው ኖዝሉ ነው፤ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ ፓምፑን፣ ቫልቩን ወይም ኮምፕሬሽኑን መፈተሽ ይገባል። ስድስት ኖዝል ከመግዛት አንድ ማለዳ መስጠት ይሻላል። ይህን በሞቀ ሞተር ላይ መሞከር ዋጋ የለውም፤ ሙቀት ሁሉንም ሲሊንደር ደህና ያስመስላል።

የተፈታው ኖዝል የሚፈተሸው በእጅ መሞከሪያ ነው። ውስጡ ያለው መርፌ ከቤቱ ጋር ያለው ክፍተት ከ2 እስከ 4 ሺሕኛ ሚሊሜትር ነው፤ የሰው ፀጉር ከዚህ ከዐሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል። ደህናው ኖዝል ከ200 ባር በላይ ሲደርስ ጮኾ በሁሉም ቀዳዳ እኩል ይረጫል፣ ጫፉም ደረቅ ሆኖ ይቀራል። የደከመው ያለ ጊዜው ይከፍታል፣ ወይም ጫፉ ላይ ጠብታ ያንጠለጥላል። ጠብታው ነው ማለዳ የማይነደው። ኖዝሉ ወደ ቦታው ሲመለስ ከሥሩ ያለው የመዳብ ሮንዴላ አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ሥር ቀርቶ ሁለት ሲደራረቡ ኖዝሉ ከቦታው ከፍ ይልና አዲስ በሽታ ይፈጠራል።

ኮመን ሬል፣ ማለትም ኢንጀክተሮቹ ሁሉ ናፍጣ የሚያገኙበት የጋራ የግፊት ቧንቧ ባለው መኪና ላይ ግን ነት ማላላት ፈጽሞ አይቻልም። ግፊቱ በብዙዎቹ ከ1,600 ባር ያልፋል፤ እንደ መርፌ የቀጠነው ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ ነጥብ ቢያክልም ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ነው። እዚህ የሚለካው የመልስ ናፍጣ ነው፦ ከየኢንጀክተሩ የመልሱን ቱቦ ነቅሎ እኩል በሆኑ ጠርሙሶች ማጠራቀም፣ ከዚያ ማስተያየት። አንዱ ጠርሙስ ከሌሎቹ ቀድሞ ከሞላ ያ ኢንጀክተር ግፊቱን ያፈሳል፤ ሬሉ የማስነሻውን ግፊት ካላገኘ ኮምፒውተሩ ናፍጣ እንዲረጭ አያዝም። ናፍጣ ሲሞቅ ስለሚቀጥን ይህ መፍሰስ የሚብሰው በሙቅ ሞተር ነው። ማለዳ ተነሥቶ ምሳ ላይ ቆሞ እንቢ የሚል መኪና ካለ ወዲያው እዚህ መፈለግ ነው። ኢንጀክተሩ ከተቀየረም ላዩ ላይ የተጻፈው ኮድ በመሣሪያ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት፤ ይህ ከተዘለለ አዲሱ ኢንጀክተር የሚረጨው መጠን አይስተካከልም፣ መኪናውም በሚኒሞ መንገጫገጩን አይተውም።