ከመስቀለኛው አምባ እስከ አንገት መስቀል

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በአምባሰል የምትገኘው ደብረ ከርቤ ግሸን ማርያም ከየአቅጣጫው በሚጎርፉ ምእመናን ትሞላለች። እንደሚታወቀው የአምባዪቱ ተፈጥሮ መስቀለኛ ነው። የጌታችን ግማደ መስቀል በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚህ ማረፉን መጽሐፈ ጤፉት ይተርካል። አበውም ለመስቀሉ ማረፊያ መስቀለኛ ስፍራ የተመረጠው በአምላክ ፈቃድ እንደሆነ ያስተምራሉ። የሰው እጅ መስቀል ከመቅረጹ አስቀድሞ ተራራው መስቀል ሆኖ ተፈጥሮ ነበር ማለት ነው።

የአገራችን አንጥረኞችም የብር መስቀል ሲሠሩ አብነት የሚያደርጉት ፍጥረትን ነው። በመስቀሎቻችን ላይ የሚጠላለፈው ጌጥ የብራና መጻሕፍትን ገጽ ከሚያስጌጠው «ሐረግ» ጋር ይዛመዳል፤ ሐረግ ደግሞ በዛፍ ላይ የሚጠመጠም ተክል ነው። ክንዱ እንደ ቅጠል የተዘረጋ፣ ጫፉ እንደ አበባ የፈካ፣ ርግብ ያረፈበትም መስቀል አለ። ምሥጢሩም መስቀል ሕይወትን ያፈራ ዕፅ መሆኑን መግለጽ ነው።

ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል። ባለሙያው ቅርጹን በሰም አበጅቶ በጭቃ ይሸፍነዋል። ጭቃው በእሳት ሲግል ሰሙ ቀልጦ ይወጣና በባዶው ስፍራ የቀለጠ ብር ይፈስሳል። ከዚያም በሞረድ ያስተካክለዋል፤ ጌጡንም ይቀርጽበታል። ቀደም ባለው ዘመን ብሩ በአብዛኛው ይገኝ የነበረው 28 ግራም ያህል የሚመዝነውን የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር በማቅለጥ ነው።

የሚያሳዝነው ግን መስቀሉን በማተባችን እያሠርን፣ የሠራውን ሰው «ቡዳ» እያልን ስንንቅ መኖራችን ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ ከልክለው ነበር፤ ንቀቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በኦሪት ዘጸአት እንደተጻፈው እግዚአብሔር በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ ባስልኤልን በመንፈሱ ሞላው፤ እርሱም የመቅረዙን ጽዋዎች የለውዝ አበባ አስመስሎ ሠራ። እንግዲህ የእጅ ጥበብ የአምላክ ስጦታ ከሆነ ባለሙያውን መናቅ ሰጪውን መናቅ አይሆንምን?

በዚህ በዓል ለልጆቻችን የአንገት መስቀል ስንገዛ ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለ ሠሪውም እንጠይቅ። ሙያውን ከአባቱ የወረሰ ወጣት ከወናፉ እንዳይሸሽ የሚያደርገው ገበያው ብቻ ሳይሆን የእኛም አክብሮት ነውና።

እንኳን ለብዙኃን ማርያም በዓል በሰላም አደረሳችሁ።