ወሊድ ላይ በደል ሲደርስ፦ መክሰስ ይቻላል?

ሌክ ሲቲ የምትኖረው አክስቴ ስትወልድ አስተርጓሚ አልቀረበላትም። «ደም በዛብኝ» ስትል የሰሟት ዘግይተው ነው። በኋላ «ልክሰስ?» አለችኝ።

በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ክፉ አያያዝ ብቻውን አይበቃም። ባለሙያው ጠንቃቃ የሙያ ባልደረባው የሚያደርገውን አለማድረጉ፣ ጉዳት መድረሱና ጉዳቱ የመጣው በዚያ ጥፋት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ደም መፍሰስ በጥሩ ሕክምናም ያጋጥማል፤ ጥያቄው በጊዜው ታክሟል ወይ ነው።

መጀመሪያ የሕክምና መዝገባችሁን ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። መቼ ተናገራችሁ፣ መቼ መጡ? ሰዓቱን አስተያዩ። ከዚያ ሳትዘገዩ ጠበቃ አማክሩ፤ የክስ ጊዜው በአብዛኛው 3 ዓመት ነው።

አክስቴ ዘላቂ ጉዳት ስላልደረሰባት ክሱን ተወችው። ለግዛቱ ጤና መምሪያ አቤት ለማለት ግን ጠበቃ አያስፈልግም፤ እሷ በአማርኛ ነገረችኝ፣ እኔ በእንግሊዝኛ ጻፍኩላት።