10 ቀን የሚችል የውሻ ቤት በር

የውሻ ቤት ሲሠራ የብዙዎቻችን ሐሳብ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ዝናብ እንዳያስገባ ቆርቆሮ ይመረጣል፣ ወለሉም እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ይደረጋል። በሩ ግን ከሌላ ሥራ በተረፈ ጣውላ፣ በሁለት ማጠፊያና በአንድ ቁራጭ ሽቦ ይገጠማል። ውሻው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ወር ጠርዙን በልቶ ሲወጣ ሌላ ጣውላ ይመታበታል፤ እሱንም ይበላዋል።

ይህ የአናጢ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የማነሳው ጤና ስለሆነ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በነርስነት በሠራሁባቸው በብቸናና በሞጣ፣ ውሻ የነከሰው ልጅ ሲመጣ ቁስሉን እያጠብኩ አስቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር፦ «ውሻው አሁን የት ነው ያለው?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ገደልነው» ይሉኛል፣ ወይ ደግሞ «ሲስተር፣ ዘግተንበት ነበር፤ በሩን በልቶ ጠፋ» ይሉኛል። ሁለቱም መልሶች ለልጁ መጥፎ ናቸው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

10 ቀን ለምን?

የእብድ ውሻ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በበሽተኛ እንስሳ ምራቅ ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው በኋላ በጊዜ ክትባት ከተጀመረ ግን ይመከታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ስርጭት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 10 ሰዎች መካከል አራቱ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ከውሻው ጋር ፊት ለፊት ስለሚተያይ ንክሻው ብዙ ጊዜ ፊቱና አንገቱ ላይ ያርፋል። ለአንጎል የቀረበ ቁስል ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

አንድ ውሻ ሰው በነከሰበት ሰዓት ቫይረሱ በምራቁ ውስጥ ካለ፣ በ10 ቀን ውስጥ በግልጽ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያ ንክሻ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ በሕይወት ያለና በአስተማማኝ በር የተዘጋበት ውሻ ለሐኪሙ ትልቅ ማስረጃ ነው። ከተገደለና ከተጣለ ማስረጃው አብሮት ይቀበራል። በሩን በልቶ ከጠፋ ደግሞ ማስረጃው ብቻ ሳይሆን አደጋውም ወደ ጎረቤት ይሄዳል።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ውሻው እስኪታይ ተብሎ የተነከሰው ሰው ሕክምና አይዘገይም። ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ሊያቋርጠው ይችላል።

እንግዲህ የውሻ ቤት በር ስትመርጡ መለኪያችሁ ይህ ይሁን፦ ውሻው ሊወጣ ቆርጦ ቢነሳ ይህ በር 10 ቀን ይችለዋል? መኖውና ውኃው በሩ ሳይከፈት መግባት ይችላል? ልጅ እጁን ወደ ውስጥ ሊያስገባ አይችልም? ሦስቱንም «አዎ» ያለ በር በሌላውም ቀን ያገለግላል።

ውሻ ከጠርዝ ይጀምራል

ስለ በር ዕቃ ከማውራታችን በፊት የውሻን አፍ እንወቅ። ያደገ ውሻ 42 ጥርስ አለው፤ ነገር ግን ለጥ ያለ ወለል መንከስ አይችልም። ጥርሱ የሚይዝለት ጠርዝ፣ ስንጥቅ፣ ቀዳዳ ወይም ወጣ ያለ ነገር ይፈልጋል። የተበላ በር አይታችሁ ከሆነ የተጀመረው ከታችኛው ጥግ ወይም ከመቀርቀሪያው አጠገብ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ ዋናው ጥበብ በሩን ማወፈር ሳይሆን ጠርዙን ከጥርሱ መደበቅ ነው።

አሁን ገበያ ላይ የሚገኙትን አንድ በአንድ እንያቸው።

ኮምፔርሳቶና ቺፑድ፦ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የእኛ አገር ክረምት ያሳብጣቸዋል፤ ካበጡ በኋላ እንደ እንጀራ ይቦጨቃሉ። የተበላው ቁራጭ ሙጫ ስላለበት ለውሻው ሆድም ጥሩ አይደለም።

የባሕር ዛፍ ጣውላ፦ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል። እርጥቡን ከሠራችሁት ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ለውሻው መጀመሪያ ይሆነዋል። በደንብ የደረቀ፣ ሁለት ጣት ያህል ውፍረት ያለው ይሁን። ዋንዛ ለዕቃና ለከበሮ የሚመረጠው ለመሥራት ስለሚመች ነው፤ ለአናጢ የተመቸ እንጨት ለውሻ ጥርስም ይመቻል። ወይራ ይጠነክራል፣ ግን እየጠፋ ያለ ዛፍ ስለሆነ ለውሻ በር ብላችሁ አታስቆርጡ።

ቆርቆሮ ብቻውን፦ ስስ ነው፣ ይታጠፋል። የተቆረጠው ጠርዙም ድድና ምላስ ይቆርጣል፤ የልጅ እጅም እንዲሁ።

የዶሮ ቤት ሽቦ፦ ትልቅ ውሻ በአንድ ሌሊት ይቀድደዋል። የተቀደደው ሽቦም ዓይንና አፍ ይወጋል።

የፌሮ ፍርግርግ፦ ውሻው አይቆርጠውም፤ ሲነክሰው ግን የራሱን ክራንቻ ይሰብራል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በፍርግርጉ መካከል የሦስት ዓመት ልጅ እጅ መግባቱ ነው። ፍርግርግ ካስፈለገ ለአየር ማስገቢያ ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ይሁን።

ላሜራ በብረት ፍሬም፦ ከሁሉ የሚበረታው ይህ ነው። በያጁ ላሜራውን ከውስጥ በኩል ለጥ አድርጎ እንዲያለብሰው፣ የብየዳውንም ሹል በሞረድ እንዲያስተካክለው ንገሩት። ችግሩ በበጋ ቀን መጋሉ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ መቀዝቀዙ ነው። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍታ በላይ ያሉ ከተሞች ስለሆኑ የሌሊቱን ብርድ ታውቁታላችሁ። ከአሮጌ በርሜል የተዘረጋ ላሜራ የምትገዙ ከሆነ በርሜሉ ምን እንደነበረበት ጠይቁ። የፀረ ተባይ ወይም የሌላ ኬሚካል በርሜል ከሆነ ተዉት።

እንጨት በላሜራ የተጠረዘ፦ ለእኛ አገር አየር እኔ የምመርጠው ይህን ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላ በርና መቃን ይሠራል፤ ከዚያ የበሩ አራት ጠርዝና የመቃኑ ጠርዝ ላሜራ ታጥፎ ይለብሳል። ከታች አንድ ክንድ ያህል ደግሞ ከውስጥ በኩል ሙሉውን ይሸፈናል። እንጨቱ ሙቀት ይይዛል፣ ላሜራው ጥርስ ይከላከላል፤ ወጪውም ከሙሉ ብረት በር ያንሳል። ላሜራው በምስማር ሳይሆን ከውጭ በሚጠብቅ ብሎን ይያዝ፤ ምስማር ይነቀላል፣ ውሻውም ሊውጠው ይችላል።

ማጠፊያ፣ መወርወሪያና ደፍ

በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ቢሆን ይሻላል። ውሻው ከውስጥ በገፋው ቁጥር በራሱ ጉልበት መቃኑ ላይ ይዘጋዋል። ከውጭ ጅብ ሊገፋው ስለሚችል ግን አንድ መወርወሪያ አይበቃም፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሁን። በላይኛው ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ይንጠልጠል። ይህ ሌባን ለመከላከል ሳይሆን የልጅ ልጆቻችን «ውሻዬን ላጫውተው» ብለው እንዳይከፍቱት ነው።

ከበሩ ሥር የሚቀረው ክፍተት ከሁለት ጣት አይብለጥ። ደፉ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አንድ ክንድ ያህል ወደ መሬት አስገብታችሁ ቅበሩ፤ በሩ ያልተበላለት ውሻ ይቆፍራልና። ከበሩ ጎን፣ በግድግዳው ታችኛ ክፍል፣ ሳህን ብቻ የሚያስገባ ከውጭ በላሜራ የሚዘጋ መስኮት አስወጡ። ውሻው ከታመመ ወይም ከተጠረጠረ እጃችሁን ሳታስገቡ ሳህኑን በእንጨት ገፍታችሁ ታበሉታላችሁ፣ ታጠጡታላችሁ።

እንጨቱን ከምስጥ ለመከላከል የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ውሻ የሚልሰውና የሚያኝከው እንጨት ላይ ግን አይደረግም፣ መርዝ ነው። ማኘኩን ይተው ብላችሁ ፀረ ተባይም በርበሬም አትቀቡ። አሮጌ ቀለም የእርሳስ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል የተረፈ ቀለም ከማግኘታችሁ ብቻ ተነስታችሁ አትቀቡት።

ለምን ያኝካል?

በር ማጠንከር የመፍትሔው ግማሽ ነው። ከሦስት እስከ ሰባት ወር ያለ ቡችላ የወተት ጥርሱን ስለሚቀይር ድዱ ያሳክከዋል፤ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ለእሱ የሚሻለው የራሱ የሆነ ማኘኪያ ነው፤ አፉ የማይውጠው ትልቅ የጠፍር ቁራጭ ይበቃዋል። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ ይቅር። በዓል ሲታረድ በውኃ የተቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወርም ይቅር፤ ከዚያ የሚይዘው ትል በዓይነ ምድሩ በኩል ወደ ሰው ይተላለፋል።

ያደገ ውሻ የሚያኝከው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶበት ስለሚሰለች፣ ስለሚርበው፣ መብረቅ ስለሚያስደነግጠው ወይም ሴት ውሻ በአካባቢው ስላለች ነው። ጠዋት በገመድ ይዛችሁ ጥቂት ብታንቀሳቅሱት፣ ማታም በታጠረ ግቢ ውስጥ ብቻ ብትለቁት በሩ ዕድሜ ያገኛል።

ማኘኩ ራሱ ምልክት ሲሆን

ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ለወራት በሩን ያልነካ ውሻ ድንገት እንጨቱን፣ ብረቱን፣ ድንጋዩን ሳይቀር መንከስ ከጀመረ በሩን ለመጠገን አትግቡ። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃተው፣ የሚያውቀውን ሰው ካላወቀ ወይም ጨለማ ቦታ መደበቅ ካበዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። አጥንት አንቆታል ብላችሁም እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። ሁለቱንም መወርወሪያ ዝጉ፣ ልጆችን አርቁ፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አስታውቁ። የሚሆነውን ባለሙያው ይወስን።

ሰው ከተነከሰ፣ ከተቧጨረ ወይም ምራቁ ቁስል ከነካ፣ ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። አመድ፣ ቡና ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ጠበል የምትወስዱ ውሰዱ፤ ክትባቱ ግን አይቅር፣ ሁለቱ አይጣሉም። በእኔ የሥራ ዘመን ክትባቱ ከእንስሳ አንጎል የሚዘጋጅ ነበር፤ ሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ ስለሚወጋ ልጅም ወላጅም ይፈራው ነበር። አሁን ያለው አዲሱ ክትባት ግን በጥቂት ቀጠሮ ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው። ያንን የድሮውን መርፌ የምታስታውሱ አያቶች «የውሻ መርፌ» ሲባል ልጆቹን አታስፈራሩብን።

ውሻውም ሦስት ወር ሲሞላው መከተብ፣ ከዚያም በየጊዜው መደገም አለበት። የክትባት ወረቀቱን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት።

«አምልጦኝ ነው» አያድንም

ሕጉም ስለዚህ በር ይናገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ በድንገት ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። «በሩን በልቶ ወጣ» ማለት ከሽማግሌ ፊትም ከዳኛ ፊትም አያድንም። የጎረቤት ልጅ ከተነከሰ በኋላ የሚከፈለው ካሣ፣ የመኪና ኪራይና የሕክምና ወጪ የስንት ላሜራ ዋጋ እንደሆነ አስቡት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ሳምንት መጨረሻ፣ ውሻው ውጭ ታስሮ ሳለ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። የበሩን ጠርዝ ከታች እስከ ላይ በእጃችሁ ዳብሱ። ጥርስ ያረፈበት ቦታ ካለ ምልክት አድርጉበትና ሰኞ ወደ በያጁ ውሰዱት። ለልጆቹም አንድ ደንብ ንገሯቸው፦ ይህ በር የሚከፈተው በትልቅ ሰው ብቻ ነው፤ ውሻ ከነከሰህ ደግሞ፣ ትንሽም ብትሆን፣ የኛውም ውሻ ቢሆን፣ ሳትደብቅ ለእኛ ትነግረናለህ፤ ማንም አይቆጣህም። ብዙ ልጅ ቁጣ ፈርቶ ንክሻውን ስለሚደብቅ ይህቺን የመጨረሻዋን ቃል ደጋግማችሁ ንገሯቸው።