«ሰርቪስ» ስንል የቱን ማለታችን ነው?

ጄኔቫ አጠገብ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው አስቤዛ ሊገዛ ባሌክሰር ገበያ ማዕከል ሄዶ ሂሳቡን ከፍሎ «መርሲ» ሲል፣ ገንዘብ ተቀባይዋ አንዳንዴ «ሰርቪስ!» ብላ ትመልስለታለች። ከአዲስ አበባ ገና ለመጣ ሰው ግራ ነው። እኛ ዘንድ «ሰርቪስ» ጠዋት በማለዳ አስፋልት ዳር ቆመን የምንጠብቀው የመሥሪያ ቤት አውቶቡስ ነው፤ «ሰርቪስ አመለጠኝ» ያለ ሰው ለምን እንዳረፈደ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም። ሴትዮዋ ግን «ምንም አይደል» ነው ያለችው። አባባሉ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ የአካባቢ ወግ ነው።

ቃሉን ከእንግሊዝኛ እንደተቀበልነው እናስባለን፤ እንግሊዞቹም ከፈረንሳይኛ ነው የወሰዱት። ሥሩ ላቲን ሲሆን፣ መነሻው «ባሪያ» የሚለው ቃል ነው። ስለዚህ የትም ሄዶ ምንም ይሁን ምን በውስጡ የሚያገለግልና የሚገለገል አለ። የሚያደናግረን ማን ማንን እንደሚያገለግል ሳይታወቀን ሲቀር ነው።

የአዲስ አበባውን «ሰርቪስ ቤት» እንይ። ከቪላው ጀርባ በአንድ ረድፍ የተሠሩ፣ ማድቤትና የሠራተኛ ማደሪያ የነበሩ ክፍሎች ናቸው። ዛሬ ብዙዎቹ ተከራይተዋል፤ ባንክ የሚሠራ ወጣት ከነሚስቱ ይኖርባቸዋል፣ አገልጋይ የሚባል ሰው በግቢው ባይኖርም ስሙ አልተቀየረም። መኪናም «ሰርቪስ ይገባል»፤ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየርለታል። በዚህኛው ትርጉም ዙሪክም ከእኛ ጋር ይስማማል።

ምግብ ቤት ውስጥ ግን መንገዱ ይለያያል። አዲስ አበባ ሂሳቡ ላይ ከቫት ሌላ 10 በመቶ «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚጨምሩ ሆቴሎች አሉ። ስዊዘርላንድ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመስተንግዶው ዋጋ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ስለተካተተ ጉርሻ ግዴታ አይደለም፤ ደስ ያለው ሰው ሂሳቡን ሞላ አድርጎ ይከፍላል። ዙሪክ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ማስታወቂያ ላይ «ሰርቪስ» የሚል ካየ የሚፈለገው አስተናጋጅ ነው። ጄኔቫ ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ «የትኛው ሰርቪስ ነው የተኙት?» ቢባል ጥያቄው ስለ ሕክምና ክፍሉ ነው። «ሼፍ ደ ሰርቪስ» ሆስፒታል ውስጥ የክፍሉ ኃላፊ ሐኪም፣ ምግብ ቤት ውስጥ የአስተናጋጆች አለቃ ነው። ማዕረጉን ብቻ ሰምቶ ከመደነቅ በፊት የት እንደሚሠራ መጠየቅ ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ቤተሰብን የሚያሳስተው ግን «ሲቪል ሰርቪስ» ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛው ሁሉ ሲቪል ሰርቪስ ይባላል፤ በስሙ ኮሚሽንም ዩኒቨርሲቲም ተቋቁሟል። እንግዲህ የስዊዝ ዜግነት ያገኘ ወጣት ጄኔቫ ሆኖ ለአያቱ «ሰርቪስ ሲቪል ልጀምር ነው» ብሎ ቢደውል፣ እሳቸው የመንግሥት ሥራ ያዘልኝ ብለው እልል ይላሉ። ነገሩ ሌላ ነው። በስዊዝ ሕገ መንግሥት መሠረት ማንኛውም ወንድ ዜጋ የውትድርና ግዴታ አለበት። ሕሊናዬ መሣሪያ ለመያዝ አይፈቅድልኝም የሚል ከ1996 እ.ኤ.አ. ወዲህ በምትኩ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በሆስፒታል፣ በደን ጥበቃ ወይም በመሳሰለው ቦታ ማገልገል ይችላል። ይህ ነው ሰርቪስ ሲቪል፤ ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ «ሲቪልዲንስት» ይሉታል። ቀለል ያለ አማራጭ እንዳይመስል፣ በጥቅሉ የውትድርናውን አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይረዝማል። ቀድሞ ሰውየው ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሕሊናውን ጉዳይ ማስረዳት ነበረበት፤ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን ረዘም ያለውን አገልግሎት ለመፈጸም መቀበሉ ራሱ በቂ ማስረጃ ሆኗል። ሁለቱንም የማያደርግ ወንድ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው 3 በመቶ፣ ቢያንስ 400 ፍራንክ በዓመት ይከፍላል። ስለዚህ ልጃቸው 18 ዓመት የሚሞላው ወላጆች የውትድርናው ጥሪ ደብዳቤ ሲመጣ የሥራ ቅጥር ነው ብለው እንዳይጠብቁ።

ለአያትየው ማስረዳት ካስፈለገ፣ በጃንሆይ ዘመን ለነበረ ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ከሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽኑ ይልቅ «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲያገለግል ይላክ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት። የውትድርና ምትክ ባይሆንም፣ ወጣቱ ለአገር የሚሰጠው ጊዜ መሆኑ ያመሳስላቸዋል።

እንግሊዝ አገር የሚኖር ዘመድ ደግሞ «ሰርቪስ ላይ ነበርን» ሲል እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነበርን ማለቱ ሊሆን ይችላል። አውራ ጎዳና ላይ ከሆነ «ሰርቪስስ» ነዳጅ ተቀድቶ ቡና የሚጠጣበት ማረፊያ ነው።

ጄኔቫ ውስጥ በቃሉ የሚጀምሩ የመንግሥት ቢሮዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ፖስታ ሳጥን ውስጥ «ሰርቪስ» የሚል ፖስታ ስናገኝ ዋናው ቁም ነገር ያለው ቀጥሎ በተጻፈው ቃል ላይ ነው። «ሶሲያል» የሚል ካለበት የማኅበራዊ ድጋፍ ጉዳይ ነው። «ዴ ኮንትራቫንሲዮን» ከሆነ ግን መኪናችን ባልተፈቀደ ቦታ ቆማ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ስትሄድ ተገኝታለች፤ ለመክፈል ያለን ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጉዳዩ ወደ መደበኛ የቅጣት ሂደት ስለሚገባ ወጪው ይጨምራል።