ጥገናና ለውጥ፦ ሳንጠይቅ ስለሚመጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ
በቆቦ ከተማ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእሳችን ሁላችንም የምናማርርበት፣ ነገር ግን ተቀምጠን የማንነጋገርበት ጉዳይ ነው። ትናንት የለመድነው የስልክ ገጽ ዛሬ ተለውጦ ይጠብቀናል። የገንዘብ መላኪያው ምልክት ከነበረበት ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ መተግበሪያ ደግሞ አፕዴት ካልተደረገ አልከፈትም ይላል። በዚህ የሚያማርር ሰው እንዳልተማረ ወይም እንዳረጀ ሲቆጠር እንሰማለን። ምሬቱ በቂ ምክንያት አለው። መፍትሔው ግን ማሻሻያን ጨርሶ መዝጋት አይደለም። ይህን በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንድ ማሻሻያ ሁለት ነገሮችን በአንድ ከረጢት ጭኖ ይመጣል። አንደኛው ጥገና ነው፤ በሶፍትዌሩ ውስጥ የተገኘን፣ ሌባ ሊገባበት የሚችልን ቀዳዳ ይደፍናል። ሁለተኛው ለውጥ ነው፤ የገጹን መልክ፣ የምልክቶቹን ቦታ፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ይቀይራል። ጥገናው ለተጠቃሚው ደኅንነት ይደረጋል፤ ለውጡ ግን ብዙ ጊዜ ኩባንያው ከተፎካካሪዎቹ ላለማነስ ወይም አዲስ አገልግሎት ለማስተዋወቅ የሚያደርገው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱ ተነጣጥለው ስለማይቀርቡልን ነው። ለውጡን ጠልቶ ማሻሻያውን የዘጋ ሰው ጥገናውንም አብሮ ያጣል።

የጥገናን ዋጋ ለመረዳት የ2009 ዓ.ም.ን ክስተት እናስታውስ። ማይክሮሶፍት በመጋቢት ወር በዊንዶውስ ውስጥ ለተገኘ ቀዳዳ መድፈኛ አወጣ። በግንቦት «ዋናክራይ» የተባለው ጥቃት በዚያው ቀዳዳ ገብቶ በ150 ገደማ አገሮች የሚገኙ ኮምፒዩተሮችን ቆለፈ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎችም ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። መድፈኛው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በሌላ በኩል ጥገናም ራሱ ሊሳሳት ይችላል። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮችን አቁሞ በዓለም ዙሪያ በረራዎችን አስተጓጉሏል።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። የዚህ ጣጣ ክብደት በሁሉም ላይ እኩል አያርፍም።

በመጀመሪያ የዳታ ጉዳይ አለ። በቀን ጥቅል የሚጠቀም ሰው ስልኩ በራሱ ጊዜ ማሻሻያ ካወረደ ጥቅሉ አለቀበት ማለት ነው። ሜሞሪው ጠባብ ከሆነም ለማሻሻያው ቦታ ለመልቀቅ የልጆቹን ፎቶግራፍ ለማጥፋት ይገደዳል።

ሁለተኛው የስልኩ ዕድሜ ነው። ዋትስአፕ ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከአንድሮይድ 5.0 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራት አቁሟል። ከራያ ቆላ ብዙ ወጣቶች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሰደዋል። የልጇን ድምፅ በአሮጌ ስልክ ለምትሰማ እናት ይህ ውሳኔ ድምፁ የተቋረጠበት ቀን ነው።

ሦስተኛው የኔትወርክ መቆራረጥ ነው። በጦርነቱና ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት አካባቢያችን ለወራት ያለ ኢንተርኔት ቆይቷል። ብዙ መተግበሪያዎች ደግሞ የቆየ ቅጂያቸውን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ አይቀበሉም። ስለዚህ ኔትወርኩ በተመለሰ ቀን፣ አገልግሎቱ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ስልኩ በቅድሚያ ማሻሻያ ይጠይቃል።

አራተኛውና ከሁሉም የከበደው የመልመድ ጉዳይ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በመተግበሪያም ሆነ በ*127# ገንዘብ መላክና መቀበል ተለምዷል። ማንበብ የማይችል ሰው ይህን ዓይነቱን አገልግሎት የሚለምደው በቦታና በቁጥር ነው፤ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን እያለ። ምልክቱ ቦታ ሲቀይር ያ ሁሉ ልምምድ ይፈርሳል። ማሽላ ሸጣ ገንዘቧ በስልኳ የገባላት እናት ያን ጊዜ ስልኳን ለጎረቤት ልጅ ትሰጣለች፤ ከስልኩም ጋር የምስጢር ቁጥሯን ትነግረዋለች። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የገንዘቧ ቁልፍ ከእጇ ወጥቷል። ለማማር ተብሎ የተደረገ ለውጥ ጥገናው ሊጠብቅ የመጣውን ደኅንነት መልሶ አፈረሰው ማለት ነው።

ችግሩ የተማረውንም አይምርም። በ1999 ዓ.ም. በዊንዶውስ ቪስታ የመጣው «ኒያላ» የተባለው የግእዝ ፎንት በዊንዶውስ 10 ላይ በፍላጎት ብቻ የሚጫን ሆነ። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር የቆየ ሰነድ ሲከፈት ፊደሉ በሌላ ይተካል፤ መስመሮቹ ይዛነፋሉ፤ የገጽ ቁጥሩ ይለወጣል፤ የውል ፊርማም ለብቻው ወደ ሌላ ገጽ ሊወርድ ይችላል። ሰነዱን ግን ማንም አልነካውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የራያ ገበሬ በክረምት ከምዕራቡ ደጋ በጎሊናና በሆርማት የሚወርደውን ጎርፍ አይጠላውም። ደለሉ መሬቱን ያለማል፤ ውኃው ማሽላውን ያጠጣል። ይሁን እንጂ ጎርፉ እንደ ፈቀደ እንዲገባ አይተወውም፤ ዝናሙ ሳይመጣ መጥለፊያውን ጠርጎና ጠግኖ ይጠብቃል። ማሻሻያንም በዚህ ዓይነት ተዘጋጅቶ መቀበል ይገባል።

በቤታችን ልናደርገው የምንችለው ይህ ነው። ማሻሻያን አንዝጋ፤ በዋይፋይ ብቻ እንዲወርድ እናስተካክለው። በገበያ ቀን ወይም ገንዘብ በምንልክበት ሰዓት አንጀምረው። በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የሚላክ የማሻሻያ ሊንክ የአጭበርባሪ ሊሆን ስለሚችል ከፕሌይ ስቶር ብቻ እናውርድ። የምንረዳው ሰው ካለም መንገዱን እናሳየው፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን ራሱ ይጻፍ።

ከዚህ በላይ ያለው የአገልግሎት ሰጪዎችና የሕግ ድርሻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 2019/770 በተሰኘው መመሪያ መሠረት፣ በቀጣይነት የሚሰጥን ዲጂታል አገልግሎት የሚለውጥ አካል በውሉ የተመለከተ በቂ ምክንያት ሊኖረው፣ ተጨማሪ ወጪ ላያስከፍልና ለተጠቃሚው በግልጽ ሊያሳውቅ ይገባል፤ ለውጡ ቀላል የማይባል ጉዳት ካስከተለ ተጠቃሚው ውሉን ማቋረጥ ይችላል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ይህ መብት ለስልክ አገልግሎትም በተግባር እንዲውል ሦስት ነገሮችን መጠየቅ እንችላለን፦ ጥገናና ለውጥ ተለይተው ይቅረቡ፤ ለውጥ ሲኖር ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ በድምፅም ጭምር፣ አስቀድሞ ይነገር፤ የቆየው ገጽ ሰው አዲሱን እስኪለምድ ድረስ ጎን ለጎን ይቆይ። ሦስቱም በቴክኒክ ረገድ የሚቻሉ ናቸው።

ስልክ ለብዙዎቻችን የገንዘብ ቦርሳም የዘመድ መገናኛም ሆኗል። የቦርሳችንን ኪስ ሌላ ሰው ሳይነግረን ቢያዛውረው ለምን ብለን እንጠይቃለን፤ ስለ ስልካችንም እንዲሁ የመጠየቅ መብት አለን።

 ለጥያቄና ለውይይት መድረኩ ክፍት ነው።