ሰው የከመረው ኮረብታ

በእንግሊዝ አገር፣ ዊልትሻየር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በመንገድ ዳር ሣር የለበሰ አንድ ኮረብታ አለ። ስሙ ሲልበሪ ይባላል። መንገደኛ ሲያየው ተፈጥሮ ያቆመችው ይመስለዋል። እሱ ግን ከግርጌው እስከ ጫፉ ሰው በእጁ የከመረው ነው። ከፍታው ከ30 ሜትር አያንስም፤ ግርጌው ከዳር እስከ ዳር 160 ሜትር ያህል ይሆናል። የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2400 ዓመት ገደማ ነው።

ለመሆኑ በምን ተቆፈረ? በዚያ ዘመን እዚያ አገር የብረት ዶማ የለም። መቆፈሪያቸው የአጋዘን ቀንድ ነበር። ደግነቱ የአካባቢው ድንጋይ እኛ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት የጠመኔ ዓይነት ስለሆነ በቀንድም ይፈለፈላል። ቢሆንም ግማሽ ሚሊዮን ቶን መሸከም ቀልድ አይደለም! ሥራው 4 ሚሊዮን ሰዓት ያህል የሰው ጉልበት እንደፈጀ ይገመታል። እስቲ እናስላው፤ 500 ሰዎች በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ 1,000 ቀን ይፈጅባቸዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የደከሙት ለምንድን ነው? የአገሩ ሰዎች ሲል የሚባል ንጉሥ ከወርቅ ፈረሱ ጋር ተቀብሮበታል ይሉ ነበር። ወርቅ ሲባል ማን ዝም ይላል? በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1776 የማዕድን ቆፋሪዎች ከጫፉ ቁልቁል ጉድጓድ ቆፈሩ። በ1849 ሌሎች ከጎኑ ዋሻ ፈልፍለው ገቡ። ከ1968 እስከ 1970 ደግሞ ፕሮፌሰር ሪቻርድ አትኪንሰን የመሩት ቁፋሮ በቴሌቪዥን ጭምር ታየ። ንጉሥም የለ፣ ፈረስም የለ። መሀሉ ላይ የተገኘው ከ4,000 ዓመት በላይ ሳይበሰብስ የቆየ ሣርና ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ናቸው። በእኛ አስተያየት ይህም ከወርቅ አያንስም።

ቁፋሮው ግን ዕዳ ትቶ ሄደ። ጉድጓዶቹ በደንብ ስላልተደፈኑ በ2000 አናቱ ላይ አፈሩ ሰመጠና ጥልቅ ጉድጓድ ተከፈተ። በ2007 እና በ2008 ባለሙያዎች በድሮው ዋሻ ገብተው መረመሩት፤ ከዚያም ክፍቱን በጠመኔ ሞሉት። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ታወቀ። ኮረብታው በአንድ ዕቅድ የተሠራ ሳይሆን ከትንሽ የጠጠር ቁልል ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ያደገ ነው። ስለዚህ አንዳንድ አጥኚዎች ሰዎቹ የፈለጉት መከመሩን ራሱን እንጂ የተጠናቀቀውን ኮረብታ ላይሆን ይችላል ይላሉ። ሌሎች ለአምልኮ ወይም ለመሰብሰቢያ ነው ይላሉ። ቁርጡን የነገረን የለም።

እንግሊዝ በ1882 ጥንታዊ ቅርሶችን የሚጠብቅ የመጀመሪያውን ሕግ ስታወጣ ሲልበሪ በዝርዝሩ ውስጥ ነበር። በ1986 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት አንዱ ሆነ። ዛሬ ላዩ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ጎብኚው ከታች ሆኖ ያየዋል፤ በብርድ ወራት ዙሪያው ውሃ ሲተኛበት ኮረብታው በውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል።